ከጅማ ለረጅም ርቀት ትራያትሎን ለመመዝገብ ሲወጣ፦ መንገዱ፣ ሐይቁና ካርዱ

የረጅም ርቀት ትራያትሎን (ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ ተከታትለው የሚደረጉበት ውድድር) ምዝገባ ስልክ ላይ የሚያልቅ ጉዳይ ነው፤ ፎርሙን ለመሙላት ሃያ ደቂቃ ይበቃል። ሆኖም ጅማ የሚኖር ሰው ለዚህች ሃያ ደቂቃ ሲል ብዙውን ጊዜ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መጓዙ አይቀርም፤ የውጭ ምንዛሪ ካርዱም፣ ኤምባሲውም፣ የኮርሳ ብስክሌት ዕቃውም በቀላሉ የሚገኘው አዲስ አበባ ነውና። ስለዚህ አብዛኛው ሰው ጉዞውን እንደ ባንክ ጉዳይ ይቆጥረዋል፦ ሄዶ፣ ከፍሎ መመለስ። ቅደም ተከተሉ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ከጅማ ከተወጣ አይቀር ከክፍያው በፊት መሠራት ያለበት ሥራ ክፍት ውኃ ውስጥ ገብቶ ርቀቱን ዋኝቶ ማየት ነው። መጀመሪያ ሐይቅ፣ ቀጥሎ ካርድ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ብስክሌቱንም ሩጫውንም ጅማ ላይ እስኪበቃችሁ መለማመድ ይቻላል፤ የአጋሮ መንገድ አለ፣ የሰርቦ መንገድ አለ፣ ዳገት ሞልቷል። የሌለው ረጅምና ንጹሕ ውኃ ነው። የቦዬ ረግረግ ጉማሬ ያለበት ነው፣ አይገባበትም። በአካባቢው ያሉ ወንዞችና ኩሬዎች ደግሞ ቢልሃርዚያ አለባቸው፤ ጅማ ዙሪያ፣ ለምሳሌ ማና ወረዳ ውስጥ፣ በሽታው መኖሩ በጥናት የታወቀ ነው። ተውሳኩ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ በቆዳ በኩል ስለሚገባ ውኃውን አለመዋጥ አያድንም። ድንገት የገባ ሰው ካለ ወዲያው ሳይሆን ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ይመርመር፤ ከዚያ በፊት እንቁላሉ ሰገራ ላይ ላይታይ ይችላል። እንግዲህ ቀሪው የሆቴል መዋኛ ነው፤ እሱ ደግሞ ስለ ሐይቅ ብዙም አይነግራችሁም።

ገደቡ የት ላይ እንደሚይዝ

ሙሉው ርቀት 3.8 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 180 ኪሎ ሜትር ብስክሌትና 42.2 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነው። ቁጥሮቹ እንዲህ ያልተስተካከሉት አይረንማን የሚባለው ውድድር እ.ኤ.አ. በ1978 ሃዋይ ውስጥ ኦዋሁ ደሴት ላይ ሲጀመር እዚያው የነበሩ ሦስት ውድድሮች ርቀት አንድ ላይ ስለተያያዘ ነው። ግማሹ 1.9፣ 90 እና 21.1 ነው።

በአይረንማን ውድድሮች የተለመደው የመጨረሻ የሰዓት ገደብ ለሙሉው 17 ሰዓት፣ ለግማሹ 8 ሰዓት ተኩል ነው። ይህን የሰማ ሰው «ይበቃኛል» ይላል። ነገር ግን አዲስ ሰው የሚወድቀው በመጨረሻው ሳይሆን በመሃል ባሉት ገደቦች ነው። ከውኃው ለሙሉው በ2 ሰዓት ከ20፣ ለግማሹ በ1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ መውጣት ግድ ነው። ብስክሌቱ ደግሞ ውኃ ውስጥ ከተገባበት ሰዓት ተቆጥሮ በ10 ሰዓት ተኩል፣ ለግማሹ በ5 ሰዓት ተኩል ማለቅ አለበት። አንዳንድ ውድድር እነዚህን ሰዓቶች እንደ መንገዱ ይቀይራቸዋልና የዓመቱን የተወዳዳሪዎች መመሪያ አንብቡ።

ሲሰላ ሁለቱም የዋና ገደቦች አንድ ፍጥነት ላይ ይወድቃሉ፦ 100 ሜትር በ3 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ። መዋኛ ውስጥ 100 ሜትር በ3 ደቂቃ ያለማቋረጥ የሚሄድ ሰው ግማሹን በ57 ደቂቃ፣ ሙሉውን በ1 ሰዓት ከ54 ይጨርሳል ማለት ነው፤ ይህ ደህና ነው። በ3:30 የሚሄድ ሰው ግን ወረቀት ላይ ያልፋል፣ ሐይቅ ላይ ይቀራል፤ ምክንያቱን ወደ ታች እናየዋለን።

ብስክሌቱንም እንዲሁ አስሉት። ግማሹን ስትወዳደሩ ከውኃ በ1:05 ወጥታችሁ ልብስ ለመቀየር 10 ደቂቃ ቢሄድ ለ90 ኪሎ ሜትር የሚቀራችሁ 4 ሰዓት ከ15 ነው፤ በአማካይ በሰዓት 21 ኪሎ ሜትር ከፍ ብሎ መሄድ ይጠይቃል። በሙሉው በ2:10 ወጥታችሁ ልብስ በመቀየር 10 ደቂቃ ብታጠፉ 180ውን በ8 ሰዓት ከ10 መጨረስ አለባችሁ፤ በሰዓት 22 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ጎማ መቀየርና ሽንት ቤት እዚህ ውስጥ ናቸው። ሩጫውን በተመለከተ እኛ አገር ያለው መተማመን ጥሩ ነው፤ ብቻ ማራቶኑ የሚጀመረው ከ180 ኪሎ ሜትር ብስክሌት በኋላ መሆኑ እየተረሳ ነው።

ወሩን ምረጡ

ከጅማ ለሚነሳ ሰው ከምዝገባው ዋጋ በላይ ወሩ ይወስናል። ሩዋንዳ ሩባቩ ላይ በኪቩ ሐይቅ ዳር የሚካሄደው የግማሽ ርቀት አይረንማን እ.ኤ.አ. በ2022 የተጀመረ ሲሆን በኦገስት ነው፤ በእኛ ሐምሌ መጨረሻና ነሐሴ። ጥቅሙ ብዙ ነው። ኪጋሊ ቀጥታ በረራ አለ፣ ሩዋንዳ ለአፍሪካውያን ቪዛ አንስታለች፣ ሐይቁም ወደ 1,460 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ 1,750 ሜትር አካባቢ ላይ ለሚኖር የጅማ ሰው አየሩ አይከብድም። ጉዳቱ አንድ ነው፣ ግን ከባድ ነው፦ የመጨረሻዎቹ አሥር የልምምድ ሳምንታት ሙሉ በሙሉ ጅማ ክረምት ላይ ይወድቃሉ። ጠዋት በጊዜ ካልተወጣ ከሰዓት በኋላ ረጅም ብስክሌት አይታሰብም፤ አስፋልቱ ላይ የሚወርደው ቀይ ጭቃ ካቴናውንም ፍሬኑንም ይበላል።

ደቡብ አፍሪካ ኔልሰን ማንዴላ ቤይ ላይ ያለው ሙሉ ርቀት ደግሞ በመጋቢትና ሚያዝያ አካባቢ ነው። ልምምዱ በበጋ ስለሚያልፍ ለብስክሌት ይመቻል። በሌላ በኩል ቪዛ ይጠይቃል፣ ቢጫ ወባ ካርድ ይጠይቃል፣ ባሕሩም ቀዝቃዛ ነው። ሌላም አለ፤ በዚህ ወቅት ሁዳዴ ይገባል፣ ረመዳንም በየዓመቱ ወደ 11 ቀን እየቀደመ በነዚህ ዓመታት እዚያው አካባቢ ይውላል። ጾመኛ የሆነ ሰው ረጅም ልምምዱን ከጾሙ ጋር አስተያይቶ ካላቀደ ዋናው የልምምድ ወር ባዶ ይሆንበታል። ይህን ከመክፈል በፊት የቀን መቁጠሪያ ላይ ማየት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክር ሰው ግማሹን ይጀምር፤ ያውም ሐይቅ ላይ ያለውን።

ጅማ ላይ የሚያልቀው

ጉዞው ከመታሰቡ በፊት መዋኛውን በሜትር ለኩት። የሆቴል መዋኛ «25 ሜትር ነው» ተብሎ 17 ወይም 18 ሆኖ ሲገኝ አዲስ አይደለም። 25 ሜትር በሆነው 1.9 ኪሎ ሜትር ማለት 76 ጊዜ መሄድ ነው፤ 17 ሜትር በሆነው 112። አጭር መዋኛ ያታልላል፤ በየጫፉ ግድግዳውን በእግር ስትገፉ ከ2 እስከ 4 ሜትር በነፃ ትሄዳላችሁ፣ በዚያች ቅጽበትም ክንድ ያርፋል። ስለዚህ መዋኛው ካጠረ ሰዓታችሁን አትመኑት፤ ወይም ግድግዳ ሳትነኩ መሃል ላይ እየዞራችሁ ዋኙ። ቢያንስ 1,500 ሜትር ሳይቆም የማይዋኝ ሰው መንገዱን ያቆየው፤ ሐይቁ ላይ የሚያገኘው ፍርሃት ብቻ ነው።

ወረቀቱን በተመለከተ፦ ፓስፖርት ከውድድሩ ቀን በኋላ ቢያንስ 6 ወር የሚቆይ፣ የባንክ ደብተርና የ3 ወር የሒሳብ መግለጫ፣ የሥራ ደብዳቤ፣ ሁለት ጉርድ ፎቶ። የቢጫ ወባ ክትባት የሚፀናው ከተወጋችሁ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ካርዱ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ቀድሞ የተከተበ ሰው ካርዱን ይፈልግ እንጂ እንደገና አይወጋ።

መንገዱ

የሚሻለው አርብ መውጣት ነው። አርብ ጅማ፣ ማታ ወሊሶ፤ ቅዳሜ ላንጋኖ፤ እሑድ ጠዋት ውኃ፣ ከሰዓት አዲስ አበባ፤ ሰኞ ባንክ ሲከፈት በሩ ላይ። ባንኩን አስቀድሞ ሐይቁን ወደ መጨረሻ የሚያስቀር ሰው ሁለት ነገር ያጣል፦ ውሳኔው በውኃው ላይ ሳይሆን በተከፈለው ገንዘብ ላይ ይመሠረታል፣ ደግሞም ባንክ ቤት የተንገላታ ሰው ሐይቁን ይተወዋል።

ከጅማ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ተነሱ። ሰርቦን፣ አሰንዳቦን፣ ዴኔባን አልፋችሁ ሰኮሩ ስትደርሱ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዳችኋል። ይህ ክፍል ከብትና አህያ የሚበዛበት ነው፤ በተለይ የገበያ ቀን ከሆነ ጥሩንባ ላይ ተማምኖ መንዳት አይሆንም። ከአበልቲ ወደ ጊቤ ሸለቆ ያለው ቁልቁለት ላይ በዝቅተኛ ማርሽ ውረዱ። ፍሬን እየረገጡ የሚወርዱ ከባድ መኪኖች ፍሬናቸው ስለሚግል ከፊታቸው አትሁኑ፤ አሳልፏቸው ወይም በሩቅ ተከተሏቸው። ድልድዩ ከባሕር ወለል በላይ 1,100 ሜትር አካባቢ ነው፤ ሙቀቱ ድንገት ይመጣል፣ ከዚያ እስከ ወልቂጤ ወደ 30 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ዳገት አለ። ራዲያተሩ ደከም ያለ መኪና የሚፈላው እዚህ ነው። 5 ሊትር ትርፍ ውኃ ያዙ፣ ከፈላም ክዳኑን ሳይቀዘቅዝ አትክፈቱ። ይህን ዳገት በብስክሌት መሞከር የሚያምራቸው አሉ። ዳገትነቱ ድንቅ ነው፤ ጠርዙ ጠባብ፣ መኪናው ብዙ ስለሆነ ግን አይመከርም።

ወልቂጤ ምሳ ሳይደርስ ትገባላችሁ፤ ጁምዓ መስገድ ለሚፈልግም ይመቻል። ወልቂጤ ደርሶ ክትፎ አለመብላት ይከብዳል፤ እሑድ ለሚዋኝ ሰው ግን ጥሬውን ትቶ የበሰለውን ማዘዝ ይሻላል። የሆድ ነገር ሐይቁን ያስቀራል። ወሊሶ ከጅማ ወደ 235 ኪሎ ሜትር ነው። እዚያ ማደር ጥሩ ነው፤ ፍልውኃ አለ፣ እግር ይፈታል። ብዙ ሰው ከወሊሶ ወንጪ ቅርብ ስለሆነ «እዚያው እንዋኝ» ይላል። አይሆንም፤ የወንጪ ሐይቅ 2,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፣ ውኃው ይበርዳል፣ ትንፋሽ ያጥራል። እዚያ የተወሰደ ሰዓት ስለ ውድድሩ ምንም አይናገርም።

በማግሥቱ አዲስ አበባ ሳትገቡ ዓለም ገና ላይ ወደ ቡታጅራ ታጥፋችሁ፣ በጢያ በኩል ቡታጅራ፣ ከዚያ ባቱ፣ ከዚያ ላንጋኖ መድረስ ይቻላል። የከተማውን መጨናነቅ ያስቀራል። ይህን መንገድ ከመያዛችሁ በፊት ሾፌሮችን ስለ ሁኔታው ጠይቁ፤ ካልተመቸ በአዲስ አበባ በኩል አዙራችሁ በሞጆ መውረድ ነው። በየትኛውም በኩል ቢሆን ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ መንገድ ላይ አትገኙ። መታወቂያ ከኪስ አይጥፋ፤ ኬላ ላይ የሁሉም ተሳፋሪ ይጠየቃል።

በአውቶቡስ የሚሄድ ሰው ብስክሌቱ ፖርቶ መጋላ ላይ ስለሚወጣ አስሮ ማስቀመጡን ለረዳቱ አይተውለት። ሁለቱንም ጎማ አውልቁ፣ ፔዳሎቹን ፍቱ። የግራው ፔዳል ጥርሱ የተገላቢጦሽ ነው፤ እንደ ሌላው ብሎን ወደ ግራ ከታገላችሁት ይጠብቃል እንጂ አይፈታም፤ ወደ ቀኝ አዙሩት። ሹካው መሃል የጎማውን ቦታ የሚይዝ እንጨት አስገቡበት፣ ካለዚያ ሲጫነው ይጠብባል። ካቴናው ያለበት ጎን ወደ ላይ ይሁን። ወደ ታች ከሆነ የሰው ሻንጣ የኋላውን ማርሽ መቀየሪያ ወደ ውስጥ ያጣምመዋል፤ ጉዳቱ በዓይን አይታይም፣ ዳገት ላይ ትልቁን ጥርስ ስትመርጡ መቀየሪያው ራጂ ውስጥ ገብቶ ቸርኬውን ያጠፋል። ገመዱ የሚያርፍበት ቦታ ሁሉ ላይ ካርቶን ወይም አሮጌ ካላማዳሪ ጠቅልሉ። የጭነቱን ሒሳብ ከመጫኑ በፊት ተስማሙ።

ሐይቁ

ላንጋኖ የሚመረጠው ከቢልሃርዚያ ነፃ በመሆኑ ስለሚታወቅ ነው፤ ዝዋይና (ባቱ ያለው) ሐዋሳ ሐይቆች እንዲህ አይደሉም። ከፍታው 1,600 ሜትር ቢጠጋ ነው፣ ከኪቩም ከጅማም ብዙ አይርቅም። ውኃው ቡናማ ነው፤ ክንድ ስትዘረጉ ጣታችሁ አይታይም። መዋኛ ውስጥ ወለሉን እያየ የለመደ ሰው የመጀመሪያው 200 ሜትር ላይ የሚደነግጠው ለዚህ ነው። ትንፋሹ ያጥራል፣ ጭንቅላቱን ያነሣል፤ ጭንቅላት ሲነሣ ወገብና እግር ይሰምጣል፣ ሰውነት እንደ ፍሬን ይሆናል፣ ድካሙ ይበረታል። መድኃኒቱ ቀድሞ ወገብ በሚደርስ ውኃ ቆሞ ፊትን ነክሮ አፍና አፍንጫን ወደ ውኃው ቀስ እያሉ ማስተንፈስ ነው፤ አሥር ጊዜ። ከዚያ 50 ሜትር ሄዶ መመለስ፣ ማረፍ፣ ከዚያ ብቻ ፈተናውን መጀመር።

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ግቡ። ረፈድ ሲል ስምጥ ሸለቆው ላይ ንፋስ ይነሣል፤ ሞገዱ ወደ አፍ ይመጣል። የአካባቢውን ሰው የት እንደሚዋኝ፣ የትኛው ዳር እንደማይገባበት ጠይቁ። ብቻ መዋኘት የለም። ቢቻል ጀልባ ከነቀዛፊው ተከራዩ፤ ካልሆነ አንድ ሰው ዳር ዳሩን ይከተላችሁ፣ ወገባችሁ ላይ የሚታሰር ደማቅ ቀለም ያለው ተንሳፋፊ ይኑራችሁ። ተንሳፋፊው ለመታየትም፣ ሲደክም ለመያዝም ነው።

ርቀቱ እንዲህ ይለካል። የሩጫ መለኪያ ያለው ስልክ ይዛችሁ ዳሩን ተከትላችሁ 250 ሜትር ሂዱ፤ ሁለቱ ጫፍ ላይ ደማቅ ጨርቅ በረጅም እንጨት ትከሉ። ከዳሩ ጋር ትይዩ ሆናችሁ፣ ደረት በሚደርስ ጥልቀት ላይ፣ ከጨርቅ ጨርቅ ዋኙ። አንድ ደርሶ መልስ 500 ሜትር ነው፤ አራት ደርሶ መልስ 2 ኪሎ ሜትር። ከ6 እስከ 10 ክንድ ባለው ልዩነት አንዴ ዓይንን ብቻ ከውኃ አውጥታችሁ ጨርቁን እዩ፣ ወዲያው ወደ ጎን ተንፍሱ። ይህን ያላደረገ ሰው ይወላገዳል፤ 1.9 ኪሎ ሜትሩ በቀላሉ ከ2 ኪሎ ሜትር ያልፋል። መዋኛ ውስጥ በ3:30 ይሄድ የነበረ ሰው ገደቡን የሚያጣው እዚህ ነው፦ ግድግዳ የለም፣ መስመር የለም፣ መንገዱም ረዝሟል።

ውሳኔው በሰዓት ይሁን፣ በስሜት አይሁን። አራቱን ደርሶ መልስ ሳትቆሙ ከ60 ደቂቃ በታች ከጨረሳችሁ ለግማሹ ክፈሉ። በ60 እና በ70 መካከል ከሆናችሁ ቢያንስ 6 ወር የሚቀረውን ውድድር ምረጡ። ከ70 በላይ ከሆነ ወይም ሁለት ጊዜ ቆማችሁ ከሆነ ካርዱን አታውጡ፤ ገንዘቡን ለዋና አሠልጣኝ አድርጉት። ለሙሉው የሚያስብ ሰው በ55 ደቂቃ ወጥቶ «አሁኑኑ ልድገመው» ማለት የሚችል መሆን አለበት። ወዳጆች ዳር ቆመው ሲያጨበጭቡ 68 ደቂቃ ጥሩ ይመስላል፤ አይደለም።

ዌትሱት የሚባለው የጎማ ልብስ እንድትንሳፈፉ ስለሚረዳ ሰዓት ያሻሽላል፤ አገር ውስጥ ማግኘት ግን ይቸግራል። በአይረንማን ሕግ ውኃው እስከ 24.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ይፈቀዳል፣ ከ16 በታች ከሆነ ግዴታ ነው፣ ውፍረቱም ከ5 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ለፈተናው ግን ያለ እሱ ዋኙ፤ ያለ እሱ ያለፈ ሰው በእሱ አይወድቅም።

ፎርሙና ካርዱ

አዲስ አበባ ስትገቡ ሦስት ነገር ይጠብቃችኋል፤ ፎርም፣ ክፍያና፣ ውድድሩ የሚጠይቅ ከሆነ፣ ቪዛ። ችግሩ እርስ በርሳቸው መተሳሰራቸው ነው። ባንኩ ለተጓዥ የውጭ ምንዛሪ ሲሸጥ ፓስፖርት፣ ቪዛና ቲኬት ያያል። ኤምባሲው ደግሞ ለምን እንደምትሄዱ ማስረጃ፣ ማለትም የምዝገባ ማረጋገጫ ይፈልጋል። ምዝገባው ደግሞ ካርድ ይፈልጋል። በዚህ ዙሪያ ሲሽከረከር ሳምንት የሚያጠፋ ሰው ብዙ ነው። ሐምሌ 2016 ላይ የምንዛሪ ሥርዓቱ ከተለወጠ ወዲህ ነገሩ ላልቷል፤ ከጅማ ሳትነሱ ባንካችሁን በስልክ ደውላችሁ በውጭ ምንዛሪ የሚሠራ ካርድ ለምን ለምን እንደሚሰጥና ምን እንደሚጠየቅ አረጋግጡ። የተለመደው በብር የሚሠራ የኤቲኤም ካርድ ለዚህ አያገለግልም።

ካልተሳካ መውጫው ውጭ አገር ያለ ዘመድ ነው። የካርዱ ባለቤትና ተወዳዳሪው አንድ ሰው መሆን የለባቸውም። ተወዳዳሪው ሥር የእናንተ ስም፣ ክፍያው ሥር የዘመዳችሁ ስምና አድራሻ ይገባል። ብቻ ዘመድየው በዚያች ሰዓት ስልክ ላይ ይሁን፤ የባንኩ የማረጋገጫ ቁጥር የሚደርሰው በእሱ ስልክ ነው፣ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይቆያል፣ የምዝገባው ገጽም ሲዘገይ ይዘጋል። ክፍያው ቢቋረጥ ወዲያው አትድገሙት፤ መጀመሪያ ኢሜይልና የካርዱን ሒሳብ እዩ፣ አለበለዚያ ሁለት ጊዜ ይቆረጣል።

ፎርሙ ላይ የሚሳሳቱባቸው ነገሮች ጥቂት ናቸው፣ ሁልጊዜም እነዚያው ናቸው። ስም የሚጻፈው በቀበሌ መታወቂያው አይደለም፤ የፓስፖርቱ ፎቶ ካለበት ገጽ ግርጌ ባሉት ሁለት መስመሮች እንደተጻፈው፣ ፊደል በፊደል ነው። ከሁለቱ የማዕዘን ምልክቶች (<<) በፊት ያለው የቤተሰብ ስም ይባላል፣ በኋላ ያለው የራስ ስም። የልደት ቀን ከፓስፖርቱ ይወሰድ እንጂ ከልደት ካርዱ አይገልበጥ፤ የኛ አቆጣጠር ከገባ 7 ወይም 8 ዓመት ታረጃላችሁ፣ ሌላ የዕድሜ ምድብ ውስጥም ትገባላችሁ። ምድቡ የሚቆጠረው ውድድሩ በሚካሄድበት ዓመት ዲሴምበር 31 ላይ ባላችሁ ዕድሜ ነው። አንዳንድ ገጽ ወሩን ከቀኑ ያስቀድማል፤ 03/08 ማርች 8 ይሁን ኦገስት 3 አይታችሁ ሙሉ። ስልክ ቁጥር ከ251 በኋላ ዜሮ የለውም። ምዝገባው የሚከፈትበት ሰዓት በዓለም አቀፍ ሰዓት 12:00 ከተባለ በእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው፤ ዋጋው በእርከን ስለሚጨምር የመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች ገንዘብ ናቸው። የአገር ፌዴሬሽን ዓመታዊ ፈቃድ የሌለው ሰው የአንድ ቀን ፈቃድ ክፍያ ይጨመርበታል፤ ከዋጋው በላይ የማስተናገጃ ክፍያም አለ፤ ስለዚህ ካርዱ ላይ ልክ የዋጋውን ያህል ብቻ አታስቀምጡ።

ማረጋገጫው ኢሜይል ላይ ሲደርስ ስሙን ከፓስፖርቱ ጋር አስተያዩ። አንድ ፊደል ከተዛባ ወደ ኤምባሲ ከመሄድ በፊት አስተካክሉት፤ የግብዣ ደብዳቤውም ያንኑ ስም ይዞ ይመጣል። የውድድር ቁጥርና የዕቃ ጥቅል የሚሰጠው ለራሱ ለተወዳዳሪው ነው፣ መታወቂያ አይቶ፤ ጓደኛ አይወስድላችሁም። ገንዘብ የሚመለስበት ወይም ወደ ሌላ ዓመት የሚዛወርበት የመጨረሻ ቀን ደንቡ ላይ አለ፤ ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ ሙሉበት።

ወደ ጅማ ከመመለስ በፊት

ቀሪውን ግማሽ ቀን ለዕቃ አውሉት። የኮርሳ ካላማዳሪ ቢያንስ ስድስት ግዙ። አፉ ቀጭኑ ዓይነት ነው ወይስ እንደ መኪናው ወፍራም፣ ከቸርኬው ቀዳዳ ጋር አስተያዩ፤ ወፍራሙ በጠባቡ ቀዳዳ አይገባም፣ ቀጭኑም በሰፊው ቀዳዳ እየተንቀሳቀሰ ሥሩ ላይ ይቀደዳል። ቸርኬው ጥልቅ ከሆነ የአፉ ርዝመት ቢያንስ 60 ሚሊ ሜትር ይሁን፣ አለበለዚያ መንፊያው አይይዘውም። ካቴና ስትገዙ የኋላ ጥርሶቹን ቁጥር ቁጠሩ፤ የ9 ካቴና ለ11 አይሆንም፣ ስፋቱ ይለያያል። ጎማው ላይ 25 ወይም 28 የሚለው ስፋቱ ነው፤ ለጅማ መንገድ 28 ይሻላል፣ ሹካው ውስጥ ሳይነካ መግባቱን ግን አሮጌውን ጎማ ይዛችሁ አስለኩ። የፍሬን ጫማ ሁለት ጥንድ ያዙ፤ ክረምት ላይ አንዱ ጥንድ ወር የማይሞላበት ጊዜ አለ።